ልጆቹን ቅዳሜ የት እናውጣ? ከአዲስ አበባ ዳር ያሉ ሜዳዎች፣ ጫካዎችና ሐይቆች ሲነጻጸሩ

እኛ የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ገና አምስት ሞላው። ላለፉት ሦስት ዓመታት ቅዳሜ ወይም እሁድ እነሱን ይዤ ከከተማው ዳር ዳር ስዞር ነው የከረምኩት። አንዳንዱ ቦታ ገንዘቤንም ቀኔንም በልቷል። አንዳንዱ ደግሞ አምስት ሳንቲም ሳያስወጣኝ ልጆቼን ሲያሳድግልኝ አይቻለሁ።

ጎረቤቶቼ ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ ይጠይቁኛል። እንጦጦ ይሻላል ወይስ ጉለሌ? ሱባ ለትንሽ ልጅ ይሆናል? ቢሾፍቱ ውሃው አያስፈራም? ለእነሱ የምመልሰውን እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው።

የኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። ልጅ በዓመት አንዴ ከሚሄድበት ትልቅ ፓርክ ይልቅ በየሳምንቱ ከሚመለስበት ትንሽ ቦታ የበለጠ ይማራል። ያንኑ ዛፍ በክረምትም በበጋም ያየዋል። ባለፈው ያልቻለውን ቅርንጫፍ ዛሬ ይወጣዋል። ስለዚህ አንድ ቦታ ሲነገራችሁ መጀመሪያ «በሚቀጥለው ወር ተመልሰን መሄድ እንችላለን ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ውበቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

በምን እንለካቸው?

የኖርዌይ ተመራማሪዋ ኤለን ሳንድሴተር ልጆች ልባቸው እየመታ የሚወዱትን ጨዋታ በስድስት ከፍላዋለች። ከፍታ አንዱ ነው። ፍጥነት ሁለተኛው። ከዚያ ሊጎዳ በሚችል መሣሪያ መጫወት፣ እንደ እሳትና ጥልቅ ውሃ ያለ አስፈሪ ነገር አጠገብ መሆን፣ ትግል፣ በመጨረሻም ከትልቅ ሰው ዓይን መሰወር።

ይህን ሳነብ የታየኝ የራሳችን ልጅነት ነው። ዛፍ መውጣት ከፍታ ነው። በካርቶን ከዳገት መንሸራተት ፍጥነት። ለቡሄ ጅራፍ ገምዶ ማጮህ መሣሪያ። የችቦና የደመራ ምሽት እሳት። ትግል ያው ትግል ነው። ኩኩሉ ደግሞ መሰወር ነው። «አልነጋም!» የሚለው ድምፅ ከየት ጥግ እንደመጣ ፈላጊው ግራ ሲገባው፣ የተደበቀው ልጅ በሳቅ ሊፈነዳ ሲደርስ። ይህን ሁሉ ማንም ሳያስተምረን ደጅ ላይ አግኝተነዋል። ዛሬ አራተኛ ፎቅ የሚያድግ ልጅ ከስድስቱ ስንቱን ያገኛል? የኔዎቹ ከሶፋ ሶፋ ከመዝለል በቀር ምንም አልነበራቸውም።

እኔ ቦታ የምመርጠው በእነዚህ ስድስት ነው። እዚያ ሄደን ልጆቹ የትኛውን ያገኛሉ? ነክተው፣ ቆፍረው፣ ሰብረው፣ ሠርተው መመለስ ይችላሉ ወይስ እያዩ ማለፍ ብቻ ነው? እኔስ ሃያ እርምጃ ርቄ መቀመጥ እችላለሁ? አጠገባቸው ቆሜ «ተው! ውረድ! አትንካ!» እያልኩ የምውልበት ቦታ ከሆነ ለሁላችንም ድካም ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል ይላል። በቀን ነው የተባለው። ይህን በወር አንድ ጉዞ መሸፈን አይቻልም። ለዚህ ነው ንጽጽሩን ከደጃፍ የምጀምረው።

ደጃፍ ያለው ባዶ ሜዳ

እ.ኤ.አ. በ1943 ዴንማርክ ውስጥ፣ ኮፐንሃገን ኤምድሩፕ በሚባል ሰፈር፣ አንድ ለየት ያለ የልጆች መጫወቻ ተከፈተ። ሐሳቡ የካርል ቴዎዶር ሶረንሰን ነበር። ሰውዬው የመናፈሻና የግቢ ንድፍ ባለሙያ ነው። ልጆች እሱ ከሠራላቸው ማራኪ መጫወቻ ይልቅ የግንባታ ቦታና የተጣለ ዕቃ ሲስባቸው አየ። ስለዚህ ሳንቃ፣ ጡብ፣ ገመድ፣ አሮጌ ጎማ ያለበት ቦታ ሰጣቸው። ልጆቹ የራሳቸውን ቤት ሠሩ፣ አፈረሱ፣ እንደገና ሠሩ። ሐሳቡ ከዚያ ወደ እንግሊዝና ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ።

እኛ ደግሞ ይህ ዕቃ ሞልቶናል። በከተማው ዳር ያሉ አዳዲስ ሰፈሮች፣ ኮዬ ፈጬም ይሁን የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳም ይሁን ጀሞ፣ ግንባታ የተረፈው ነገር አያጡም። በብሎካችን ሦስት ወላጆች ሆነን ኮሚቴውን አነጋገርን። ከኋላ ያለችውን ቁራጭ ሜዳ አጸዳን። ምስማሩን ነቃቅለን ጥቂት ሳንቃ አስቀመጥን። ሁለት አሮጌ ጎማ፣ ባዶ ማዳበሪያ፣ ጀሪካን፣ ወፍራም ገመድ። በቃ፣ ይኸው ነው። ልጆቹ በመጀመሪያው ቀን ሱቅ ሠሩ። በሁለተኛው ሳምንት ሱቁ መርከብ ሆነ። እቃ እቃ ጨዋታ አስራ አንድ ዓመት የሞላቸውን ወንዶች ሲስብ ያየሁት እዚያ ነው።

አፈሩም ራሱ አስተማሪ ነው። የእኛ አካባቢ ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ጫማ ይዞ ያስቀራል። ትንሹ ልጄ «መሬቱ ለምን ተቀደደ?» ብሎ ጠየቀኝ። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። እሱ ግን ማብራሪያዬን አልጠበቀም። ውሃ በጀሪካን አምጥቶ ስንጥቁ ውስጥ ማፍሰስ ጀመረ። ስንት ጀሪካን እንደሚጠጣ ይቆጥራል። ከጭቃው ደግሞ በሬ ይሠራሉ፣ ቀንዱን በስንጥር። ከዚህ የተሻለ የሳይንስም የሥዕልም ክፍለ ጊዜ የት ይገኛል?

ከስድስቱ አብዛኛው እዚህ አለ። ወጪ የለውም። ልጁ ከትምህርት ቤት መልስ ግማሽ ሰዓት ቢያገኝ ወርዶ ይጫወታል። የሚጎድለው ትልቅ ዛፍና ዝምታ ነው።

አደጋውን ግን በግልጽ እንነጋገር። ልጅ ራሱ የሚያየውና የሚመዝነው አደጋ አለ። ቅርንጫፉ ከፍ ሲል ይታየዋል፣ እግሩ ሲንቀጠቀጥ ይወርዳል። የማያየው አደጋ ሌላ ነው። በከተማ ዳር ትልቁ የማይታይ አደጋ የተተወ የድንጋይ ካባና የግንባታ ጉድጓድ ነው። ክረምት ላይ ውሃ ይሞላዋል። ከላይ ሲያዩት ኩሬ ነው፣ ውስጡ ግን ገደል ነው። ልጆቹን ከመልቀቃችሁ በፊት ዙሪያውን በእግራችሁ ዙሩ። የአቃቂና የቀበና ወንዞች ከተማ ውስጥ ካለፉ በኋላ የፍሳሽና የፋብሪካ ቆሻሻ ይሸከማሉ፣ እግር እንኳ አይነከርባቸውም። ውሻ ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። «ውሻው የጎረቤት ነው፣ ምንም አይለውም» እየተባለ አይታደርም።

እንጦጦ ፓርክ ወይስ ጉለሌ?

ብዙ ሰው የሚያወዳድረው እነዚህን ሁለቱን ነው። ሁለቱም በሰሜን በኩል ናቸው። ሁለቱም ጫካ ናቸው። ለልጅ የሚሰጡት ግን በጣም ይለያያል።

እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተከፈተ። የገመድ ላይ ተንሸራታች አለ፣ ፈረስ አለ፣ ቀስት ውርወራ አለ፣ ጎካርት አለ፣ የብስክሌት መንገድ አለ። ከፍታና ፍጥነት የተራበ ልጅ እዚህ ይጠግባል። በተለይ አስር ዓመት ያለፋቸው፣ ጉልበታቸው የት እንደሚወጣ የጠፋቸው ልጆች። መንገዱ የተሠራ ስለሆነ አያት ይዞ መሄድ ይቻላል። ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ታክሲ አለ።

ግን ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ጨዋታ ለብቻው ይከፈልበታል። ሁለት ልጅ ይዞ የሄደ ወላጅ ኪሱን አስቦ ይሂድ። ልጁም ወረፋ ይቆማል፣ ቀበቶ ይታሰርለታል፣ ሦስት ደቂቃ ይበራል፣ ያበቃል። ደስታው እውነተኛ ነው። ግን ሌላ ሰው ያዘጋጀለት ነው። ሁለተኛ፣ የእንጦጦ ጫካ በአብዛኛው ባህር ዛፍ ነው። ባህር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣ ዛፍ ነው። የማገዶ ችግር ለነበረባት አዲስ ከተማ ትልቅ መፍትሔ ሆነ። ከሥሩ ግን ሌላ ተክል እምብዛም አይበቅልም። ልጅ ጎንበስ ብሎ ሲፈልግ የሚያገኘው ነገር ጥቂት ነው።

ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ደግሞ 705 ሄክታር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት ነው። ሥራው የአገር በቀል እጽዋትን ሰብስቦ ማቆየት፣ ባህር ዛፉንም ቀስ በቀስ በእነሱ መተካት ነው። እዚህ ጎካርት የለም። ልጁ መጀመሪያ ላይ «ምንድነው የምንሠራው?» ሊል ይችላል። ሃያ ደቂቃ ታገሱት።

የኔ ዘዴ ይኸውና። ቤት ውስጥ የሚያውቁትን ነገር ዛፉ ላይ እንዲያገኙት አደርጋለሁ። አያታቸው የወተት ዕቃ የሚያጥኑበት ወይራ የትኛው ነው? የድሮ ሰው ለኮሶ ትል የጠጣው ኮሶስ? ብርድ ሲይዛቸው የሚታሹበት ዳማከሴ ምን ይመስላል? ቅጠሉን ማሽተት ብቻ፣ መቁረጥ አይፈቀድም። ልጄ ዳማከሴን በጠረኑ ያወቀችው ቀን ፊቷ ላይ የነበረው ነገር አይረሳኝም። ስሙን ቤት ሰምታዋለች፣ ተክሉን ግን አይታው አታውቅም ነበር።

እንዶድ ስታገኙ ደግሞ ቁጭ በሉና አንድ ታሪክ ንገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ሰዎች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ ጋ ደረሱ። ከታች በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዚያን ትል የሚያራቡ ናቸው። ሁሉም ሰው የሚያልፈውን ነገር እሳቸው ቆመው አዩት። ከዚያ የዓለም ሳይንስ የሚያውቀው ምርምር ተወለደ። ልጅ «ቆም ብለህ እይ» ሲባል ለምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ የለኝም። የደረቀ የእንዶድ ፍሬ ቤት ውስጥ በውሃ ብታሹት አረፋ ያወጣል። ግን መርዛማ ስለሆነ አፍ ውስጥ እንዳይገባ፣ እጅም ይታጠብ።

ስለዚህ ምርጫዬ እንዲህ ነው። ልጃችሁ ከስምንት ዓመት በታች ከሆነ ጉለሌ። ልደት ከሆነ፣ ወይም የአክስት ልጆች ከመጡና ሁሉም መሮጥ ከፈለገ፣ እንጦጦ። ሁለቱም ቦታ ከፍታው ብዙ ስለሆነ ጠዋት ብርዱ ያንዘፈዝፋል፣ እኩለ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል። ጃኬትም ኮፍያም ያስፈልጋል። የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ልጅ ቶሎ ይደክመዋል። ውሃ አጠጡት፣ አታሩጡት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደግሞ ውረዱ። ማታ ላይ ጅብ አለ።

ሱባ፦ እውነተኛው ጫካ

መናገሻ ሱባን ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ ነው። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። እንደሚነገረው በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነገሡት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት፣ እንዳይቆረጥም ከለከሉ። ከአፍሪካ ቀደምት የተጠበቁ ደኖች አንዱ ተብሎ የሚቆጠረው ለዚህ ነው።

እዚያ ገብታችሁ ሃያ እርምጃ ስትሄዱ ድምፁ ይለወጣል። መኪና የለም። ጥዱና ዝግባው ሰማዩን ይሸፍኑታል። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል ነጭ ጭራው እንደ ነጠላ ይዘረጋል። ዕድል ካላችሁ የምኒልክ ድኩላ ታያላችሁ። የመጀመሪያው ቀን ልጆቼ በሹክሹክታ ማውራት ጀመሩ። ማንም ዝም በሉ አላላቸውም።

እዚያ ምን ይሠራሉ? አንድ ትልቅ ጥድ መርጠው እጅ ለእጅ ተያይዘው ያቅፉታል፣ ስንት ልጅ እንደሚፈጅ ይቆጥራሉ። የወደቀ ግንድ ላይ ይራመዳሉ። ከግንዱ ሥር የሚኖረውን ያያሉ፣ ጢንዚዛ፣ እንጉዳይ፣ የዛፍ ሽበት። አስር ደቂቃ ዓይናቸውን ጨፍነው የሰሙትን ድምፅ በጣት ይቆጥራሉ። ልጄ ሰባት ቆጠረች። አንዱ ግንደ ቆርቁር ነበር።

ግን ሱባ ለሁሉም አይደለም። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ መንገዱም ዳገቱም ይረዝማል። ዋናው አስፋልት ካለቀ በኋላ ያለው ጥርጊያ መንገድ ዝናብ ሲመታው ለትንሽ መኪና ያስቸግራል። በታክሲ ተለዋውጦ ከልጅ ጋር መድረስ አድካሚ ነው። ሦስት አራት ቤተሰብ ሆናችሁ ሚኒባስ ኮንትራት ብትይዙ ይሻላል። ያለ ጫካ ጠባቂ ወይም ያለ አካባቢው ሰው ወደ ውስጥ አትዝለቁ። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀንም መንገዱ እንዴት እንደሆነ ሰበታ ወይም ሆለታ በኩል የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ሳማ ብዙ ስለሆነ ረጅም ሱሪ አልብሷቸው።

እኛ በዓመት ሁለቴ እንሄዳለን። አንዴ በጥቅምት፣ አንዴ በጥር። ከዚያ በላይ አቅማችን አይፈቅድም። ለዚህ ነው በመጀመሪያ ስለ ደጃፋችን ሜዳ ያወራሁት። ሱባ የሚገባው ልጅ ደጁ ላይ ማየት የለመደ ልጅ ነው።

ወደ ደቡብ፦ ቢሾፍቱና መልካ ቁንጡሬ

ቢሾፍቱ ለእኛ ለቱሉ ዲምቱ ሰዎች ቅርብ ነው። በፍጥነት መንገዱ ሽው ብሎ መድረስ ነው። ሐይቆቹ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የቆፈራቸው ጉድጓዶች ናቸው። ይህን ከዳር ቆሞ ማሳየት ይቻላል፣ ዙሪያው እንደ ሳህን ክብ ነው። ግን ዳሩ ቶሎ ይጠልቃል። ለልጅ ዋና የሚሆን ውሃ አይደለም። ሐይቁ ዳር ያሉት ብዙዎቹ መዝናኛዎች ወንበርና ምግብ ናቸው። ልጁ መጫወት ሲጀምር አስተናጋጅ ይመጣል። ለወላጅ ዕረፍት ጥሩ፣ ለልጅ ጀብዱ ግን መካከለኛ። ቦታው ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነ ወባም አለ፣ ማደር ካሰባችሁ አጎበር አትርሱ።

መልካ ቁንጡሬ ግን ሰዎች የማያስቡት ምርጫ ነው። በዓለም ገና አድርጎ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አዋሽ ወንዝ ዳር። እ.ኤ.አ. በ2024 በአቅራቢያው ካለው ባልጪት ከተባለ ቦታ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የሰው ዘር እዚያ ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት በላይ የድንጋይ መሣሪያ ሲሠራ ኖሯል። ትናንሽ ጎጆ ሙዚየሞች አሉት፣ የቁፋሮ ቦታም ይታያል።

ለምን ለልጅ ይሆናል አልኩ? ጎምቦሬ በተባለው የቁፋሮ ቦታ 700,000 ዓመት ገደማ የሆነው የእግር ዱካ ተገኝቷል። የትልልቅ ሰዎች ዱካ አለ፣ አጠገቡም የሕፃናት። አንድ ሁለት ዓመት የሚሆናቸው ሳይቀሩ። የድንጋይ መሣሪያና የታረደ የጉማሬ አጥንትም እዚያው ነበር። እነዚያ ወላጆች ሥራ ሲሠሩ ልጆቻቸውን ከጎናቸው አድርገው ነበር ማለት ነው። ልጆቹ ጭቃ ላይ ሲረግጡ፣ ሲያዩ፣ ሲማሩ። ይህን ለልጄ ስነግራት እግሯን አሸዋው ላይ ጫን አድርጋ ዱካዋን ቆማ አየችው። ረጅም ሰዓት ነበር ያየችው።

ከሰባት ዓመት በላይ ላለ ልጅ በጣም እመክራለሁ። ድንጋይ ግን ከመሬት አንስቶ ኪስ መክተት ክልክል ነው፣ መኪና ውስጥ እያላችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። አዋሽ ዳር ደግሞ እጃቸውን ያዙ።

ገጠር ዘመድ ካላችሁ

ሱሉልታም ይሁን ሰንዳፋ፣ አቃቂም ይሁን ሆለታ፣ ዘመድ ወይም ወዳጅ ገበሬ ያለው ሰው ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ትቶ እዚያ ይሂድ። ከልቤ ነው። ጥጃ ማሰር፣ እንቁላል መልቀም፣ ኩበት መጠፍጠፍ፣ ውሃ መቅዳት። እዚህ ልጅ ጎብኚ አይደለም፣ ሥራ አለው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አቃቂ በኩል ጤፍ ይታጨዳል፣ ይወቃል። ልጄ እንጀራ ከገበያ የሚመጣ ይመስላት ነበር። አውድማ ላይ ጤፉን በእፍኟ ይዛ ነፋስ ገለባውን ሲወስደው ካየች በኋላ ፍርፋሪ አትጥልም። የሽምብራ እሸት ሲደርስ ደግሞ ማሳው ውስጥ ቁጭ ብሎ መብላት አለ። ባለቤቱን አስፈቅዶ ነው ታዲያ።

ሌላም ነገር ያገኛሉ። የገበሬው ልጆች አብዛኞቹ ኦሮምኛ ተናጋሪ ናቸው። የኔዎቹ «ሙካ» ዛፍ፣ «ቢሻን» ውሃ መሆኑን ከእነሱ ተማሩ። የራሳቸው ሰፈር ስም «ቀይ ኮረብታ» ማለት እንደሆነም ያወቁት በዚያው ነው። ባዶ እጅ አትሂዱ። ስኳር፣ ቡና፣ ለልጆቹ ደብተር ያዙ።

ተከፍሎበት የሚሄድ ፕሮግራም

ልጆችን ከጠዋት እስከ ማታ ወስደው የሚመልሱ ፕሮግራሞች እየበዙ ነው። ሥራ ለሚውል ወላጅ ትልቅ እፎይታ ናቸው። ጥሩዎቹ በእርግጥ ጥሩ ናቸው። እኔ ግን አንድ ጊዜ ተከፍቻለሁ። «ከተፈጥሮ ጋር አንድ ቀን» ተብሎ ልጄን ላኳት። ስትመለስ ሙሉ ቀን በአየር በተነፋ መዝለያ ላይ፣ በድምፅ ማጉያ ዘፈን ስር ነው የዋለችው። አንድ ዛፍ አልነካችም። ፊቷ ላይ ቀለም ተቀብቶላት ነበር፣ ጫማዋ ግን እንደሄደ ንጹሕ ሆኖ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ከመክፈሌ በፊት እጠይቃለሁ። ለስንት ልጅ አንድ ትልቅ ሰው አለ? ያ ሰው የመጀመሪያ ሕክምና ያውቃል? ዝናብ ቢመጣ ምን ታደርጋላችሁ? በቀኑ ውስጥ ልጆቹ የፈለጉትን የሚጫወቱበት ክፍት ጊዜ ስንት ሰዓት ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ይናገራል። መልሱ «ፕሮግራሙ ሙሉ ነው» ከሆነ አልከፍልም። ለሙሉ ፕሮግራም ትምህርት ቤቱ ይበቃቸዋል።

በየወሩ ስንመድበው

እኛ ዓመቱን እንዲህ ከፍለነዋል። መስከረም አደይ አበባው ሳይረግፍ ጉለሌ። ጥቅምት ሱባ፣ ዝናቡ ወጥቶ ጫካው ገና አረንጓዴ ሳለ። ኅዳርና ታኅሣሥ አውድማ። ጥር እንደገና ሱባ፣ ጠዋት ውርጭ ስላለ ረፋድ ላይ ነው የምንገባው። የካቲትና መጋቢት ላይ መልካ ቁንጡሬ። እንጦጦ ለልደት። በቀረው ቅዳሜ ሁሉ፣ በሳምንቱም መሀል፣ ከብሎኩ ኋላ ያለችው ሜዳ።

ሐምሌና ነሐሴ ሩቅ አንሄድም። መብረቅና ደራሽ ውሃ ያለበት ወቅት ነው። ደመና ሲጉረመርም ከብቸኛ ዛፍ ሥር መጠለል እንደማይገባ ልጆቹ በቃላቸው ያውቁታል። ቦት ጫማ አድርገው ይወርዳሉ። አምና በሐምሌ ሜዳው ጥግ ላይ ሁለት የወይራ ችግኝ ተከልን። አንዱን ፍየል በላው። ሁለተኛውን ልጆቹ በእሾህ አጥረውታል። ቁመቱን በየወሩ በሲባጎ ይለኩና ቋጠሮ ያስራሉ። ሲባጎው የበሩ እጀታ ላይ ተንጠልጥሏል፣ አሁን ዘጠኝ ቋጠሮ አለው።